ያልተመለሰው ቁልፍ

ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሚሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ አሮጌ ላፕቶፑን ሊሸጥ ፋይሎቹን እያጸዳ ነው። ፎቶዎቹን ገለበጠ፣ የማያስፈልገውን ሰረዘ። መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ፋይል ላይ ዓይኑ አረፈ። ከሦስት ዓመት በፊት ይሠራበት የነበረውን መሥሪያ ቤት ሰርቨር ከሩቅ ሆኖ ያስተዳድርበት የነበረ ቁልፍ ነው። መሥሪያ ቤቱ ያለው በቦረና ምድር፣ ከአሬሮ ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው።

ይከፍታል ብሎ አልጠበቀም። ሥራውን ሲለቅ ክሊራንስ አስፈርሟል። ወንበሩን፣ የጠረጴዛውን ቁልፍ፣ ፍላሽ ዲስኩን፣ የሞተር ሳይክሉን የራስ ቁር ሳይቀር ቆጥሮ አስረክቧል። እጁ ግን የለመደውን ትእዛዝ ጻፈና ተጫነ። ሁለት ሴኮንድ ያህል ቆየ። ከዚያ ሰርቨሩ በስሙ ተቀበለው። የአስተዳዳሪነት ሥልጣኑ እንዳለ ነበር።

ደንግጦ ወዲያው ወጣ። ላፕቶፑንም ለጊዜው መሸጡን ተወው። ቁልፏ ፋይል የይለፍ ሐረግ እንኳ አልነበራትም። ፋይሎቹን ሳያይ ላፕቶፑን ቢሸጠው ኖሮ፣ ገዢው የሺዎች አባወራዎች ስም፣ ስልክ ቁጥርና የክፍያ መዝገብ ያለበትን ማሽን ቁልፍ አብሮ ይገዛ ነበር። ገዢው የሚያውቅበት ሰው ከሆነ ደግሞ የተሰረዘ ፋይልም ቢሆን ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።

ሌሊቱን የከነከነው ግን ሌላ ነገር ነው። በሥራ ላይ እያለ፣ አንድ ጊዜ ለጥገና የመጣ የአቅራቢ ድርጅት ቴክኒሻን ሥራውን ከከተማ ሆኖ እንዲጨርስ ብሎ ይህንኑ ቁልፍ በቴሌግራም ልኮለታል። «ስትጨርስ አጥፋው» ብሎት ነበር። ያ ሰው ያጥፋው አያጥፋው ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቴክኒሻን በገባ ቁጥር ሰርቨሩ የሚመዘግበው የባለሙያውን ስም ነው። ነገ ከመዝገቡ አንድ ሺህ ስም ቢጠፋ፣ ወይም አንድ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ቢቀየር፣ ሎጉ የሚጠቁመው እሱኑ ነው።

በሕጉም በኩል ነገሩ ቀላል አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በራሱ ወንጀል ያደርገዋል። ቁልፉ መሥራቱ ፈቃድ አለ ማለት አይደለም። ለቀድሞ ሠራተኛ ያልተዘጋ በር ስጦታ መስሎ የተቀመጠ ወጥመድ ነው።

ርቀቱ የወለደው ነገር

ነገሩን በአንድ ሰው ስንፍና ማሳበብ ይቀላል። ግን መጀመሪያ ከሩቅ መግባት ለምን እንዳስፈለገ ማየት ይገባል። ያቤሎ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አሬሮ ደግሞ ከያቤሎ ወደ ምሥራቅ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ይኬዳል። በአንድ የቆላ ከተማ የቆመ ሰርቨር አንድ ሌሊት እምቢ ቢል፣ የሚያውቀው ሰው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪደርስ ሁለት ቀን ያልፋል። የሁለት ቀን መዘግየት በዝናብ ዓመት ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ቦረና በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ባጣበትና ከብቱ ባለቀበት በዚያ ድርቅ ግን፣ የእርዳታና የክፍያ ዝርዝር የሚያዝበት ማሽን ሁለት ቀን መቆም ማለት እህል የሚጠብቅ ሰው ሁለት ቀን ጨምሮ ይጠብቃል ማለት ነው።

ስለዚህ «ከሩቅ መግባት ይከልከል» የሚል መፍትሔ ለአሬሮ አይሆንም። ጥያቄው ማን ይግባ፣ በየት በር ይግባ፣ እስከ መቼ ይግባ የሚለው ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የመጀመሪያውን ጥያቄ በግማሽ ይመልሳሉ፤ ሁለተኛውን ይዘሉታል፤ ሦስተኛውን ጨርሶ አያስቡትም።

የዚህ ቁልፍ ታሪክ ራሱ ከስርቆት ይጀምራል። በፊት ዘመን አስተዳዳሪዎች ከሩቅ የሚገቡት ቴልኔት በሚባል መንገድ ነበር። በዚያ መንገድ ፓስወርዱ በሽቦው ላይ ራቁቱን ይሄዳል፤ መሀል ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያነበዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ በአንድ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ እንዲህ ያለ የፓስወርድ ስርቆት ከደረሰ በኋላ ታቱ ዩሎነን የተባለ ተመራማሪ ኤስኤስኤች የሚባለውን ሠራ። ዛሬ የዓለም ሊኑክስ ሰርቨሮች በአብዛኛው የሚተዳደሩት በዚህ ነው። በኤስኤስኤች ቁልፉ ጥንድ ነው። አንደኛው ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ማንም ቢያየው ግድ የለም። ሌላኛው ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለበትም። ሰርቨሩ «አንተ መሆንህን አሳይ» ሲል ባለቤቱ ቁልፉን ሳይልክ መያዙን ብቻ ያረጋግጣል።

ብልሃቱ ጥሩ ነው። ጉድለቱ ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠው ግማሽ ቁልፍ ሰው ካልወሰነለት በቀር የሚያበቃበት ቀን የሌለው መሆኑ ነው። ሰው ሥራ ይለቃል፣ አገር ይለቃል፣ ይሞታል። ቁልፉ ግን ሰው ገብቶ እስኪሰርዘው ድረስ እዚያው ነው።

የተረሳ በር ምን ያደርጋል?

በአውስትራሊያ ማሩቺ በምትባል አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2000 የፍሳሽ ማስተላለፊያ ፓምፖች ያለምክንያት መቆምና መነሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ብልሽት ነው ተባለ። ኋላ የተያዘው ሥርዓቱን በተከለው ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ ቀጥሎ በአካባቢው ምክር ቤት ሥራ ጠይቆ ያልተቀበሉት ሰው ነው። በመኪናው ውስጥ ላፕቶፕና የሬዲዮ መሣሪያ ይዞ ነበር። ወደ 800 ሺህ ሊትር የሚጠጋ ፍሳሽ በመናፈሻና በወንዝ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው ሊቅ አልነበረም። ሥርዓቱን ያውቀው ነበር፤ ሲሄድ ደግሞ ሥርዓቱ እሱን አልረሳውም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 የአሜሪካን ምሥራቃዊ ክፍል ነዳጅ የሚያደርሰው የኮሎኒያል ቧንቧ መስመር ለቀናት ተዘጋ። አጥቂዎቹ የገቡት ማንም በማይጠቀምበት ነገር ግን ባልተዘጋ አንድ የቪፒኤን አካውንት ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አልነበረውም። ፓስወርዱ ብቻ በቂ ነበር። ድርጅቱ 75 ቢትኮይን፣ በጊዜው ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር፣ ቤዛ ከፈለ።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ፣ ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ያወጣው ዘገባ ይታወሳል። አዲስ አበባ በሚገኘው፣ ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ ባስረከበችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ውስጥ ያሉ ሰርቨሮች ከ2012 እስከ 2017 በየሌሊቱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት መረጃ ወደ ሻንግሃይ ይልኩ ነበር ይላል ዘገባው። ቻይና ክሱን ፈጽሞ አስተባብላለች፤ የኅብረቱም ኃላፊዎች አልተቀበሉትም። እውነቱ የትም ይሁን የት፣ ትምህርቱ አይቀየርም። ሰርቨር የተከለልህ ሰው የሰርቨሩን ቁልፍ በእጁ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ርክክቡ ላይ ሕንፃውን ብቻ የተረከበ ግማሹን ነው የተረከበው።

ሁሉም አደጋ ከውጭ አይመጣም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለሊቱን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የሌሊት ገበያ መሰሉ። ባንኩ መንስኤው የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በራሱ ሥርዓት ላይ የተደረገ ማሻሻያ እንደሆነ ገልጿል። ያለአግባብ የወጣው ገንዘብም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር ተናግሯል። ሥልጣን ባላቸው ሰዎች እጅ የተደረገ አንድ ለውጥ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ከዚያ ሌሊት በላይ ለኢትዮጵያውያን የሚያስረዳ የለም።

«ሆን ብዬ ነው ያልነካሁት»

ባለሙያው ጠዋት ደወለ። አሁን ቦታውን የያዘችው ወጣት ናት። በአካል አይተዋወቁም። ስሙን ግን ታውቀዋለች፤ ሰርቨሩ ውስጥ በየፋይሉ ላይ አለ።

«ቁልፌ ዛሬም ይሠራል እህቴ» አላት። «ትናንት ማታ ሳላስበው ሞክሬው ከፈተ። እባክሽ ዛሬውኑ አጥፊው።»

ጥቂት ዝም አለች። «ጋሼ፣ እንዳለ አውቃለሁ» አለችው። «ሆን ብዬ ነው ያልነካሁት።»

«ለምን?»

«አንድ ቀን ሰርቨሩ ቢቆምብኝ ማንን እጠራለሁ? የተከሉት እርስዎ ነዎት። የተጻፈ ነገር የለም። የእርስዎን ቁልፍ ባጠፋ መጨረሻ የቀረኝን ሰው ያጠፋሁ መስሎኝ ነው።»

ይህ መልስ ነው ነገሩን የሚገልጠው። ሊወቅሳት ነበር የደወለው፤ ጥፋቱን ግን ራሱ ላይ አገኘው። ሲለቅ ወንበር አስረከበ እንጂ እውቀት አላስረከበም። የትኛው አገልግሎት በየትኛው ሰዓት ባክአፕ እንደሚወስድ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የትኛው ቀድሞ መነሳት እንዳለበት፣ የትኛው ፓስወርድ የት እንደተቀመጠ፣ ሁሉም በጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። በብዙ መሥሪያ ቤት የቀድሞ ሠራተኛ ቁልፍ የማይዘጋው በመርሳት ብቻ እንዳልሆነ ያን ጠዋት ገባው። በፍርሃትም ነው። ያ ቁልፍ ሳይነገር እንደ መድን የተያዘ ነው። መድኑ ግን ማንም በማያየው በር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አሬሮ የሚያውቀው ነገር

የሚገርመው፣ ይህን ችግር የፈታ ሥርዓት ሰርቨሩ በቆመበት ምድር አለ።

ቦረና ውስጥ ቱላ የሚባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ የዱብሉቅን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን በእጅ ለእጅ ቅብብል ያወጡታል። ጉድጓዱ ከቆፋሪው ጎሳ የሚወርድ ተጠሪ አለው፤ አባ ኮንፊ ይባላል። የዕለት ተራውን የሚመራው ግን አባ ሄሬጋ ነው። ዛሬ የማን ከብት ይጠጣል፣ ከማን ቀጥሎ፣ እንግዳ ሲመጣ የት ይገባል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ተራው የሚታወቀው በአደባባይ ነው። ማን መቼ እንደጠጣ ሁሉም ያያል። በደረቅ ወቅት አንድ ተራ ማዛባት የብዙ ሰው ከብት ማስጠማት ስለሆነ፣ የጉድጓዱ ጉባኤ ነገሩን ይመለከተዋል።

እዚህ ውስጥ ለአንድ ሰርቨር የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። የንብረቱ ባለቤትና የዕለት አስተዳዳሪው ተለይተዋል። መግቢያው በስም ነው። ተራው በግልጽ ይታያል። ውኃውን የሚያስተዳድር ሰው የውኃው ጌታ ነኝ አይልም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የሥልጣኑ ማብቂያ ነው። የቦረና ገዳ ሥልጣን በስምንት ዓመት ያበቃል። በ2009 ዓ.ም. ኩራ ጃርሶ ሰባ አንደኛው አባ ገዳ ሆነው ተረከቡ። ስምንት ዓመታቸው ሲሞላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ በአሬሮ ወረዳ አርዳ ጂላ በዳሳ በተባለው ሥፍራ ለሰባ ሁለተኛው አባ ገዳ ለጉዮ ቦሩ አስረከቡ። ርክክቡ ባሊ ይባላል፤ የሰጎን ላባ ምልክቱ ነው። ጊዜው ሲደርስ «ትንሽ ልቆይ፣ ሥራው ላይ እኔ ነኝ የማውቀው» የሚል አባ ገዳ የለም። ተረካቢው ከዓመታት በፊት ተመርጦ ሲዘጋጅ ስለቆየ፣ «ያለ አሮጌው ምን ልሆን» የሚል ፍርሃትም የለም። ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ርክክቡ በሕዝብ ፊት ነው፤ ያስረከበው ሰው እንደ አማካሪ ይከበራል እንጂ ባሊውን በጓሮ ይዞ አይሄድም።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የገዳ ሥርዓትን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ለሙዚየም ብቻ ብሎ ባይሆን መልካም ነው። በአሬሮ ሜዳ በየስምንት ዓመቱ የሚታየው ነገር በአሬሮ ቢሮ ውስጥ አይታይም። ሥልጣንን በቀን ቆጥሮ የሚያስረክብ ሕዝብ መካከል የቆመ ሰርቨር፣ ከሦስት ዓመት በፊት ለሄደ ሰው ዛሬም በሩን ይከፍታል።

ምን ይደረግ?

ባለሙያውና ወጣቷ በዚያ ስልክ አንድ ነገር ተስማሙ። ቁልፉ ዛሬ አይጠፋም፤ ርክክቡ መጀመሪያ ይፈጸማል። ኃላፊዋ በደብዳቤ ፈቀዱ፤ የሚያበቃበት ቀንም በደብዳቤው ላይ ተጻፈ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ በስልክና በስክሪን አብረው ሠሩ። የሠሩት ነገር ለማንኛውም መሥሪያ ቤት ይጠቅማል።

1. ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስም። «አድሚን» የሚባል የጋራ አካውንት ማንም የማይጠየቅበት አካውንት ነው። ሩት በሚለው ስም ከሩቅ በቀጥታ መግባት ተዘጋ። የሚገባ ሁሉ በስሙ ይገባል፤ ከፍ ያለ ሥልጣን ሲያስፈልገው ከውስጥ ሆኖ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ይመዘገባል።

2. በሩ በመንገድ ላይ አይሁን። የኤስኤስኤች ፖርት 22ም ሆነ የዊንዶውስ የርቀት ዴስክቶፕ ፖርት 3389 ለዓለም ሁሉ ክፍት ከሆነ፣ ቀንና ሌሊት ፓስወርድ የሚገምቱ ማሽኖች ያንኳኩታል። ቁጥሩን መቀየር ጫጫታውን ይቀንሳል እንጂ በሩን አይዘጋም። መጀመሪያ በቪፒኤን ወይም በአንዲት የበር ጠባቂ ማሽን በኩል ይታለፍ።

3. ፓስወርድ ለሰርቨር መግቢያ ይቅር። በቁልፍ ጥንድ ይተካ። ቁልፉም የይለፍ ሐረግ ይኑረው። በላዩ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጨመር፤ በስልክ ላይ ያለ የኮድ መተግበሪያ ኔትወርክ በጠፋበትም ቦታ ስለሚሠራ ከኤስኤምኤስ ይሻላል። የግል ቁልፍ በቴሌግራም፣ በኢሜይል፣ በፍላሽ አይሄድም። አዲስ ሰው ሲመጣ የራሱን ቁልፍ ይፍጠር፤ የሚልከው የሚታየውን ግማሽ ብቻ ነው።

4. ኤኒዴስክና ቲምቪወር ይፈተሹ። ለአንድ ቀን ጥገና ተጭነው፣ ሰው ባይኖርም የሚያስገባ ቋሚ ፓስወርድ ተሰጥቷቸው፣ ለዓመታት የቀሩ ብዙ ናቸው። ወጣቷ በሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ አንድ እንዲህ ያለ አገኘች። ማን እንደጫነው የሚያስታውስ አልነበረም።

5. እያንዳንዱ ፈቃድ ማብቂያ ቀን ይኑረው። ሊኑክስ ላይ አካውንት የሚዘጋበትን ቀን መወሰን የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች በሰዓታት የሚያበቃ የኤስኤስኤች ሰርተፍኬት ይሰጣሉ። ለትንሽ መሥሪያ ቤት ስድስት ወር ይበቃል፤ የሚፈልግ ያሳድስ። የአቅራቢ ድርጅት ፈቃድ ደግሞ ከሥራ ውሉ ጋር ይለቅ።

6. ሎጉ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ገብቶ የሚያጠፋ ሰው የመግቢያ መዝገቡንም ማጥፋት ይችላል። ቅጂው ወደ ሌላ ማሽን ይሂድ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የሚያነበው ሰው ይመደብ። የማይነበብ ሎግ ዘበኛ የሌለው በር ነው።

7. ራስን ውጭ አትቆልፉ። ይህኛው ለሩቅ ከተማ ከሁሉ ይብሳል። የመግቢያ ቅንብር ሲቀየር አንድ የተከፈተ መስመር ሳይዘጋ ይቆይ፤ አዲሱ መግቢያ በሌላ መስኮት ተሞክሮ እስኪሠራ ድረስ አሮጌው አይነካ። አንዲት የተሳሳተች ፊደል ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚሠራውን ሰው ውጭ ትቆልፈዋለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው መፍትሔ አውቶቡስ ነው።

8. የመጨረሻው ቁልፍ በካዝና ይሁን። ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ባለሙያው ሲታመም፣ ማሽኑ ፊት ቆሞ የሚገባበት አንድ የአደጋ ጊዜ መግቢያ በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ። ፖስታው ሲከፈት ሁለት ሰዎች ይፈርሙ፤ ከተከፈተ በኋላ ይቀየር። የወጣቷ ፍርሃት መልስ ያገኘው እዚህ ነው። መድን አስፈልጓት ነበር፤ መድኑ የሰው ላፕቶፕ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በመሥሪያ ቤቱ ካዝና ውስጥ ሆነ።

9. ክሊራንስ ላይ አንድ መስመር ይጨመር። «የሲስተም መግቢያዎቹ ሁሉ ተዘግተዋል» የሚል፣ የዘጋው ሰው የሚፈርምበት። ወንበር የሚቆጥር መሥሪያ ቤት ቁልፍ መቁጠር አያቅተውም።

ከነዚህ ዘጠኝ ነገሮች ውስጥ ውድ ዕቃ የሚያስገዛ የለም። ኤስኤስኤች በነፃ ነው። የቪፒኤኑም የኮድ መተግበሪያውም ነፃ አማራጭ አላቸው። ፖስታና ካዝና በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። የሚጎድለው ጊዜ ወስዶ የሚጠይቅ ኃላፊ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰውን ስምና ስልክ የያዘ ተቋም መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ በሕግ ተጥሎበታል። «የድሮው ልጅ ቁልፉን ይዞት ሄዶ ነው» የሚል መልስ አያዋጣም።

ፈቃድ የለህም

በሁለተኛው እሁድ ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀ። ወጣቷ ሰርቨሩን ራሷ አጥፍታ ራሷ አስነሳችው። ባክአፑን ከሌላ ማሽን ላይ መልሳ አየችው። የጻፉትን አስራ አንድ ገጽ አትማ በካዝናው አስቀመጠች። ከዚያ በሰርቨሩ ላይ የተፈቀደላቸውን ቁልፎች ዝርዝር ከፈተች። ስድስት ቁልፍ ነበር። የምታውቀው ሁለቱን ነው፤ የራሷንና የእሱን። ከቀሩት አራቱ አንዱ የቴክኒሻኑ ሳይሆን አይቀርም። ሦስቱ የማን እንደሆኑ እሱም አላወቀም። ከእሱ በፊት የነበሩ ናቸው።

አምስቱን ሰረዘች። «አሁን ይሞክሩት» አለችው።

ሞከረ። ሰርቨሩ ፈቃድ የለህም አለው።

ዓመታት የደከመበት ማሽን ነው፤ ስክሪኑን እያየ ጥቂት ቅር አለው። ወዲያው ግን ከትከሻው ላይ የሆነ ነገር የወረደ መሰለው። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ሰርቨር ውስጥ በሌሊት የሚሆን ነገር ሁሉ የእሱ አይደለም። ላፕቶፑንም በማግስቱ ዲስኩን አውጥቶ ሸጠው።

ይህን የሚያነብ ኃላፊ ሁሉ ነገ ጠዋት ለአይቲ ክፍሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርብ፦ ዛሬ ወደ ሰርቨራችን ከሩቅ መግባት የሚችሉ ሰዎችን ስም ዝርዝር አምጡልኝ፤ የእያንዳንዳቸው ፈቃድ የሚያበቃበትን ቀንም ከጎኑ ጻፉ። ዝርዝሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመጣ ደግ ነው። ካልመጣ፣ ወይም ከመጣና የማያውቋቸው ስሞች ካሉበት፣ የመሥሪያ ቤቱ ባሊ በማን እጅ እንዳለ ማንም አያውቅም ማለት ነው።